የጋሼ ግንባር

«እናትሽን ምን ነክቷት ነው?» አለቻት አክስቷ፣ የሻይ ትሪውን ከእጇ እየተቀበለቻት። «ጉንጯ በልዟል እኮ። ወድቃ ነው ወይስ ስታለቅስ ራሷን መትታ?»

ልጅቷ ዞር ብላ አየች። እናቷ መስኮቱ ሥር ባለው ሶፋ ላይ፣ በሁለት ወፋፍራም ጎረቤቶች መሐል ተጣብቃ ተቀምጣለች። ከግራ ዓይኗ ሥር ጀምሮ እስከ ጉንጯ አጥንት ድረስ አንድ ጣት የሚያህል ሰማያዊ ነገር ተለቅልቋል። ከሩቅ ላየው ሰንበር ይመስላል። ሳሎኑን የሞላው ለቀስተኛ ሁሉ አይቶታል፤ ትንፍሽ ያለ ግን የለም። አባቷ ከተቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነው። በነዚህ ሦስት ቀናት እዚህ ቤት ውስጥ የተከፈተ አፍ ሁሉ የተከፈተው ወይ ለብስኩት ወይ ለሐሜት ነበር።

ሰንበር አልነበረም። ሰንበር እንዲህ አያብረቀርቅም። ልጅቷ ያንን ቀለም ከሺህ ቀለም መሐል ለይታ ታውቀዋለች፤ በገዛ እጇ የለወሰችው ነው።

ጠጋ አለች። እናቷም በዚያው ቅጽበት እጅጌዋ ውስጥ የሸጎጠችውን ነጭ መሐረብ ስባ አወጣችና ዓይኗን ጠረገች። ሰማያዊው ወደ አፍንጫዋ ትንሽ ሰፋ።

«እማዬ፣ ይሄን መሐረብ ከየት አገኘሽው?»

«ከግራጫው ኮቱ ኪስ ነው። ሆስፒታል ከገባ ወዲህ ያልለበሰው ኮት» አለች እናቷ፣ መሐረቡን አፍንጫዋ ላይ ይዛ። «ጠረኑ እንዳለ አለ። እስቲ አሽትቺው።»

ልጅቷ አሸተተች። የአባቷ የመላጫ ሳሙና ጠረን ነበረበት፤ ከሥሩ ግን ቫዝሊን ሸተታት።  ወደ ጓዳ ገብታ ዕቃ ማጠቢያው ላይ ተደፋች። ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሰችምና ከመራራ ምራቅ በቀር የወጣ ነገር የለም። ከጀርባዋ ብርጭቆ የሚያለቀልቁ ሁለት ሴቶች «ወይኔ ልጅት፣ ሐዘኑ እንዴት ጎዳት» ሲሉ ሰማቻቸው። ሐዘን አልነበረም። መጸየፍ ነው። ማንን እንደሆነ ግን ገና በቅጡ አልለየችም። ወደ ሳሎን ስትመለስ እናቷን «ጉንጭሽ ላይ ቀለም አለ» ማለት ነበረባት። እሷም እንደ ለቀስተኛው ሁሉ አይታ አለፈች፤ ትሪውን ከአክስቷ መልሳ ተቀበለች።

*

ልጅቷ የምትሠራው የአውሮፕላን መቀመጫ በሚፈተንበት አዳራሽ ነው። ሥራዋ ምን እንደሆነ ስትናገር ሰው ይስቅባታል፤ አሻንጉሊት ትኳኩላለች። መሥሪያ ቤት ውስጥም «ኳይዋ» ነው የሚሏት። አሻንጉሊቱ ግን የልጅ መጫወቻ አይደለም። ሰባ ሰባት ኪሎ ይመዝናል፣ የብረት አከርካሪና የጎማ ቆዳ አለው፣ ጭንቅላቱና ወገቡ ውስጥ የምቱን ኃይል የሚለካ መሣሪያ ተቀብሮበታል። ሠራተኛው «ጋሼ» ይለዋል። ለአራት ተሸክመው እያላባቸው «ጋሼ፣ ይቅርታ፣ እግርዎን» ይሉታል። ሸሚዙንና ሱሪውን የምትሰፋለት የልጅቷ እናት ናት፤ ልብስ ሰፊ ናት። ጫማው የአባቷ አሮጌ ጫማ ነው፣ ቁጥር አርባ ሁለት።

ከፈተና በፊት ልጅቷ የጋሼን ግንባር ሰማያዊ፣ አፍንጫውን ቀይ፣ አገጩን ቢጫ፣ ጉልበቶቹን አረንጓዴ ትቀባለች። ከዚያ ጋሼ መቀመጫው ላይ በቀበቶ ይታሰራል። መቀመጫው ጋሪ ላይ፣ ጋሪው ሐዲድ ላይ ነው። ጋሪው ይወነጨፍና ባንዴ ቀጥ ይላል፤ ጋሼ ወደፊት ይወረወራል። ዓይን ተከድኖ እስኪገለጥ ሁሉም ነገር አልቋል። ከዚያ በኋላ ያለው ፍለጋ ነው። ሰማያዊ ከፊት ባለው መቀመጫ ጀርባ ላይ ከተገኘ ጋሼ በግንባሩ መትቶታል ማለት ነው። ቢጫ ሸሚዙ ላይ ከተገኘ አገጩ የገዛ ደረቱን መትቷል። ቀለሙ በቫዝሊን ስለሚለወስ አይደርቅም። ታጥፎ ከተቀመጠ ወራት ቆይቶም የነካውን ሁሉ ያቀልማል።

መቀመጫውን የነደፈው አባቷ ነው። ሠላሳ ዓመት ያህል እዚያ አዳራሽ ውስጥ ነገር ሲሰብር ኖሯል፤ ከዚያ ውስጥ አሥራ አንዱን ዓመት የፈጀው በዚህ በአንዱ መቀመጫ ነው። «ጠንካራ» የሚል ቃል ሲሰማ ደሙ ይፈላ ነበር። አንድ የብረት ነጋዴ መጥቶ «የኛ ብረት የማይበገር ነው ኢንጂነር፣ ንቅንቅ አይልም» ሲለው፣ «እሱ ካልታጠፈ የሚታጠፈው የሰውየው ወገብ ነው» ብሎ ካዳራሹ አስወጥቶታል። ልጅቷ ስድስት ዓመቷ ሳለ ወንበር ላይ አቁሟት «ዝለይ» ብሏት ነበር። ዘለለች። «አሁን ደግሞ ጉልበትሽን ሳታጥፊ ዝለይ።» ዘለለች፤ ጥርሷ ተንቀጫቀጨ፣ አለቀሰችም። እናቷ ከስፌት መኪናዋ ተነስታ «አንተ ሰውዬ ልጄን ልትገላት ነው?» ብላ ጮኸችበት። እሱ ልጅቱን አቅፎ እየሳቀ፣ «አየሽ፣ መቀመጫም ጉልበት ያስፈልገዋል» አላት።

አንድ ሌላ ዓመልም ነበረው። ፈተናው የወደቀ ቀን ኬክ ይገዛል። በክር በታሰረ ካርቶን ይዞ አዳራሹ ውስጥ ይገባና «ዛሬ ጋሼ ሞቷል፣ ብሉ!» ይላል። «ዛሬ እዚህ ባይሞት ነገ እላይ የሚሞት ሰው ነበር።» ላለፈ ፈተና ኬክ ገዝቶ አያውቅም። ያለፈ ፈተና ምንም አያስተምርም ባይ ነበር። ማታ ቤት ሲገባ ደግሞ እናቷ ሥራ እንዴት ዋለ ብላ አትጠይቀውም። «ጋሼ እንዴት ሆነ?» ነው የምትለው። እጁ ላይ ካርቶን ካለ መልሱን ሳትሰማ ሰሐን ታመጣለች።

ልጅቷ እንዲህ ያለውን ሰው ነው የወደደችው። ሥራውንም የያዘችው እሱን ብላ ነው።

*

እኩለ ቀን ላይ ዳይሬክተሩ ገባ። ሁለት ሰዎች አስከትሎ ትልቅ ፎቶግራፍ በመስታወት አስገጥሞ አምጥቷል። አባቷ መቀመጫው ላይ እጁን ጭኖ ቆሟል፤ ፊቱ ከበሽታው በፊት የነበረው ፊት ነው። ሳሎኑ ብድግ አለ። ዳይሬክተሩ ወደ እናቷ አጎነበሰ፣ ጉንጯን ሳማት፣ ደግሞ ሳማት፣ ለሦስተኛም ጊዜ ሳማት። ቀና ሲል የራሱ ጉንጭ ላይ ሰማያዊ ታትሟል። አሻንጉሊት የሚፈተንበትን አዳራሽ ደጃፍ ረግጦ አያውቅም፤ ቀለሙን ከየት ያውቀዋል? አጠገቡ የተቀመጡት አዩ፣ ተያዩ፣ ሻያቸውን ጠጡ።

«ኢንጂነራችን አልሞቱም!» አለ፣ ቆሞ። ሰውዬው ተቀምጦ ማውራት አይሆንለትም። «ሐሙስ የፈቃድ ወረቀቱ ይፈረማል። መቀመጫው በስማቸው ይጠራል። በሚመጣው ወር ስማቸው ሰማይ ላይ ነው!»

አክስቷ እልል ለማለት ምንም አልቀራትም ነበር። አፏን ይዛ አለቀሰች። «ወንድሜን! ወንድሜን! ስንት ነፍስ ሊያድን!»

አንድ ጡረተኛ ጎረቤት «እኔ ድሮም አውቀው ነበር፣ ሲሄድ ራሱ የአዋቂ አካሄድ ነበረው» አለ። አባቷ በሕይወት ሳለ ይሄ ሰው ሰላም ብሎት አያውቅም፤ በመኪና ማቆሚያ ቦታ ተጣልተው ነበር። ሌላው ተቀብሎ ትሕትናውን አነሳ። ሦስተኛዋ ደግሞ ውሸት የሚባል ነገር ከአፉ ወጥቶ እንደማያውቅ መሰከረች። ልጅቷ ትሪውን ይዛ በመሐላቸው ስታልፍ የብስኩት ፍርፋሪ ከንፈራቸው ላይ ተጣብቆ ታያለች። ምስጋናውም ፍርፋሪውም ባንድ አፍ ይላመጣል። ሁሉም አስጠሏት። የመስታወቱ ፎቶግራፍ ደግሞ ከሁሉም በላይ አስጠላት፤ ፈገግ ብሎ ያያታል።

ዳይሬክተሩ በር ላይ ክንዷን ያዝ አደረገ። መዳፉ እርጥብ ነበር። «አይዞሽ እህቴ። ፈቃዱን የምትፈርመው ተቆጣጣሪ ነገ ልቅሶ ልትደርስ ትመጣለች፣ እኔው ነኝ የማመጣት። አባትሽን በጣም ነው የምታከብራቸው። በሥራ አናስቸግርሽም፤ ፊርማሽ እንደሆነ ሪፖርቱ ላይ አለ።»

«ፊት ላይ ቀለም ነክቶዎታል» ልትለው አስባ ነበር። ተወችው። ይዞት ይዙር።

*

ፊርማዋ እንዴት ሪፖርቱ ላይ እንደገባ እሷ ታውቃለች።

ነገሩ የሆነው ከሦስት ወር በፊት ነው። ሐኪሙ ለአባቷ «ቢበዛ ስድስት ወር» ብሎት ነበር። ቤት ውስጥ ተናግሯል፤ መሥሪያ ቤት ግን ደብቋል። የቀረው አንድ ፈተና ብቻ ነበር። ጋሪው ተወነጨፈ፣ ቀጥ አለ። የመቀመጫው እግሮች ልክ እንደታሰበው ተጣጠፉ፤ ጉልበት እንዳለው ሰው። አዳራሹ አጨበጨበ። የጋሼ ወገብ ተረፈ። ግን እግሩ በታጠፈ ቁጥር ሰውየው ወደፊት ይሄዳል፣ ሰውየው ወደፊት በሄደ ቁጥር ግንባሩ ከፊት ወዳለው መቀመጫ ይጠጋል። ወገብን ያዳነው ነገር ራስን አሳልፎ ሊሰጥ ይችላል። የጭንቅላቱ መሣሪያ አንድ ሺህ ሦስት መቶ አርባ አለ። ከአንድ ሺህ በላይ የሆነ ምት ገዳይ ነው።

አንድ ነገር ግን ነበር። በደንባቸው አገጭ የገዛ ደረትን ሲመታ የሚመጣ ቁጥር አይቆጠርም። የሚቆጠረው ጭንቅላት ሌላ ነገር ሲመታ ነው። ቢጫው የጋሼ ሸሚዝ ላይ በደንብ ታትሟል። ካሜራው ደግሞ ወሳኟን ቅጽበት አላየም፤ የጋሼ ክንድ ተወንጭፎ ጋርዶታል። ስለዚህ ጥያቄው አንድ ብቻ ሆነ። ሰማያዊው ከፊት ያለው መቀመጫ ላይ አለ ወይስ የለም?

አረንጓዴው መብራት እስኪበራ ማንም ሰው ከገመዱ አያልፍም። ደንቡን ያወጣው አባቷ ራሱ ነው። ያን ቀን ገመዱን አጎንብሶ ያለፈው ግን እሱ ነበር። ልጅቷ ባትሪዋን ይዛ ስትደርስ ጀርባውን ሰጥቷት ከፊተኛው መቀመጫ ላይ ተደግፏል። አንድ ነጭ ነገር ግራጫው ኮቱ ኪስ ውስጥ ከተተ።

«አላበኝ» አላት።

አዳራሹ ከመብረዱ የተነሳ እሷ ሁለት ሹራብ ደርባ ነበር። ባትሪዋን አበራች። የመቀመጫው ጀርባ ላይ ሰማያዊ የለም። ቆዳው ዙሪያውን ስስ አቧራ ለብሷል፤ መሐሉ ላይ ግን መዳፍ የሚያህል ቦታ ንጹሕ ሆኖ ያበራል።

«የጋሼ ግንባር ላይ ያለው ቀለም ተደፍጥጧል አባዬ።»

«ክንዱ ሲወነጨፍ ነክቶት ይሆናል።»

የጋሼን እጅጌ አየች። እናቷ የሰፋችው ነጭ ሸሚዝ ነው፣ ጠብታ ሰማያዊ የለበትም። አባቷ አላያትም። ፊቱ አመድ መስሏል፤ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። መቀመጫውን ለማስተካከል ወይ ከአውሮፕላኑ አንድ ረድፍ ቀንሶ ክፍተቱን ማስፋት ነው፣ ወይ ጀርባውን እንደገና መንደፍ። የመጀመሪያውን ዳይሬክተሩ አይሰማውም። ሁለተኛው ሁለት ዓመት ይፈጃል። ሁለት ዓመት ደግሞ አባቷ የለውም።

ልጅቷ ሪፖርቱ ላይ «ሰማያዊ ቀለም፦ መቀመጫው ላይ አልታየም» ብላ ጻፈች። ውሸት አልነበረም። ይበልጥ ያስጠላትም እሱ ነው። ከዚያ ስሟን ጻፈች፣ ፈረመች፣ እጇን በሳሙና ሦስት ጊዜ ታጠበች።

*

ከሰዓት በኋላ ለቀስተኛው ሳሳ። አክስቷ የወንድሟን ፎቶግራፍ ፊት ለፊት አስቀምጣ ወንበር ላይ ታንኮራፋለች። እናቷም ሶፋው ላይ ጋደም እንዳለች እንቅልፍ ወስዷታል፤ እጇ ተዘርግቶ መሐረቡ ምንጣፉ ላይ ወድቋል።

ልጅቷ አነሳችው፤ ወደ ጓዳ ይዛው ገባች፣ በሩን ገፋ አደረገች። ዘረጋችው። ከውጭ ነጭ ነው። ከውስጥ፣ እጥፉ ሲገለጥ፣ ሰማያዊው ወፍራም ሆኖ ተለጥፎበታል፤ አንድ ቦታ ላይ የመቀመጫው አቧራ ሳይቀር አብሮት አለ። በጥድፊያ የተጠረገ ነገር ነው። ጣቶቹ የተጫኑበት ቦታ ይለያል።

ቧንቧውን ከፈተች። ሳሙናውን አነሳች። አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ሙቅ ውሃና ሳሙና ይበቃዋል። ከዚያ እናቷ ንጹሕ መሐረብ ይኖራታል፣ አክስቷ ወንድም፣ ዳይሬክተሩ መቀመጫ። እሷም አባት ይኖራታል። ሁሉም ሰው ዝም ብሎ የኖረበትን ነገር እሷ ብቻዋን የምታነሳበት ምን ምክንያት አለ? ሰውየው ሞቷል። አውሮፕላንም እንደሆነ በየቀኑ አይወድቅም። እንዲህ ብላ አሰበችና በራሷ ላይ ምራቋን ልትተፋ ቃጣት። የብስኩት ፍርፋሪ ካፋቸው ላይ ከተጣበቀባቸው ሰዎች በምን ትሻላለች?

«ልታጥቢው ነው?»

እናቷ በሩ ላይ ቆማለች። ሰማያዊው እስከ አፍንጫዋ ተለቅልቋል።

«ቆሽሿል እማዬ።»

«ጠረኑ ይለቃል እኮ።» ቀረብ አለች። መሐረቡን ተዘርግቶ አየችው፤ ለረጅም ጊዜ አየችው። የልብስ ሰፊ ዓይን ነው፣ እድፍን ከየት እንደመጣ ይለያል። ከዚያ ቧንቧው አጠገብ በተሰቀለችው ትንሽ መስታወት የራሷን ፊት አየች። እጇን ጉንጯ ላይ አደረገች።

«ይሄን ተለቅልቄ ነው የዋልኩት?»

«አዎ።»

«ይሄ ሁሉ ሰው እያየኝ? ማንም አልነገረኝም?»

«ማንም። እኔም አልነገርኩሽም።»

እናቷ ቧንቧውን ዘጋች። ውሃው ሲቆም የአክስቷ ማንኮራፋት ከሳሎን ይሰማል።

«ጋሼ እንዴት ሆነ?» አለች እናቷ።

ልጅቷ የሰማችውን ማመን አቃታት። ሠላሳ ዓመት በሙሉ ማታ ማታ የሚጠየቅ ጥያቄ ነው። አሁን ግን ሳቅ የለበትም።

«የመጨረሻው ፈተና ቀን» አለች እናቷ፣ ሳትጠብቃት። «ሲገባ እንዲሁ ጠየቅኩት። "ደህና ነው፣ አለፈ" አለኝ። ካርቶኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ፣ ክሩን ፈታ። ኬክ ነበር። ላለፈ ፈተና ኬክ! እጁ ለምዶ ነው መሰለኝ፣ ምን እንዳመጣ ራሱም አላወቀም። ደንግጬ አየሁት። እሱም አየኝ። ከዚያ ሰሐን አመጣሁ።»

«እማዬ...»

«ሁለት ቁራጭ በላሁ።» ከንፈሯን በእጇ ጀርባ ጠረገች፣ አሁንም ክሬሙ እዚያ ያለ ይመስል። «ጣፈጠኝም። እያወቅኩ ጣፈጠኝ።»

ልጅቷ ነገረቻት። የክንዱን ነገር፣ የካሜራውን፣ የቁጥሩን፣ ንጹሑን ቦታ፣ የራሷን ፊርማ፤ ምንም ሳታስቀር። እናቷ ዕቃ ማጠቢያውን ተደግፋ ሰማች። አንድ ጊዜ ብቻ አቋረጠቻት።

«በአንዱ አውሮፕላን ስንት ሰው ይቀመጥበታል?»

«አርባ ስምንት።»

«የልጅ እናትም?»

«የመጣ ሰው ሁሉ።»

«ቱ!» አለች እናቷ። ማንን እንደሆነ አልተናገረችም። ቀጥላ ማልቀስ ጀመረች። ባሏን የቀበረች ቀን ካለቀሰችው የከፋ ለቅሶ ነበር፤ ድምፅ የለውም። «እኔ እኮ ሸሚዙን የሰፋሁት ለዚህ አልነበረም። የጋሼን። አንድ ቀን ጨርቅ ሲያልቅብኝ ከራሱ ሸሚዝ ቆርጬ ሰፍቼለታለሁ። ሲያየው ምን አለኝ መሰለሽ? "አሁን እኔን ነው የምትወረውሩኝ" አለኝ። ሞት ፈራ ልጄ። ፈራና ከነሙሉ ስሙ የሚቀር ነገር ፈለገ። አዝንለታለሁ። ግን አስጠላኝ። ገና አፈሩ ሳይደርቅ አስጠላኝ፣ ምን ላድርግ?»

 ልጅቷንም እኩል አስጠልቷት ነበር። የፎጣ ጫፍ ቫዝሊን ውስጥ ነክራ የእናቷን ጉንጭ መጥረግ ጀመረች። ለፊት ከሳሙና ይልቅ እሱ ይሻላል። በሥራ ቦታ የጋሼን ፊት በየፈተናው መጨረሻ እንደምታጸዳው፣ ከውስጥ ወደ ውጭ፣ ቀስ እያለች አጸዳችላት። መሐረቡን ግን አልነኩትም።

*

በማግስቱ ዳይሬክተሩ ተቆጣጣሪዋን ይዞ መጣ። ሴትዮዋ ቀጭን፣ መነጽር ያደረገች፣ ሻይ ሲቀርብላት ስኳር የማትጨምር ናት። ከወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ዳይሬክተሩ ቆመ፤ ስለ ሰማይና ስለ ስም ያለውን እንደገና ጀመረ። ጉንጩን አንድ ሰው አጥቦለታል ወይ ራሱ ታጥቧል። ሳሎኑ አሁንም ሞልቷል፣ አክስቷም ለማልቀስ ተዘጋጅታ ፎቶግራፉን ታቅፋለች።

ልጅቷ እናቷን ታያለች። ከቁርስ በኋላ እናቷ መሐረቡን ጭኗ ላይ አድርጋ ስታጥፍ አይታታለች። ሠላሳ አንድ ዓመት የአባቷን መሐረብ ስታጥፍ ኖራለች፤ የማይለቅ እድፍ ካለበት ወደ ውስጥ ታጥፈዋለች፣ ሰው እንዳያይበት። ዛሬ ወደ ውስጥ አላጠፈችውም። ሰማያዊውን ወደ ውጭ አድርጋ፣ ጠርዙን ከጠርዝ አስተካክላ፣ በጣቷ ጫን ጫን አድርጋ በአራት አጠፈችው።

«እስቲ እኔ ጋ ይቀመጡ» አለቻት ተቆጣጣሪዋን፣ ጎረቤቷን በክርኗ ገፋ አድርጋ።

ተቆጣጣሪዋ ሄዳ ተቀመጠች። «እግዚአብሔር ያጽናዎት። ባለቤትዎ እጅግ ጠንቃቃ ሰው ነበሩ።»

«ነበረ» አለች እናቷ። ከእጅጌዋ ውስጥ መሐረቡን አወጣች። አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ አፍንጫዋ ላይ አድርጋ ዓይኗን ጨፍና ሳበችው። ከዚያ በተቆጣጣሪዋ ጭን ላይ አስቀመጠችው። «ይሄ የጋሼ ግንባር ነው።»

ዳይሬክተሩ ንግግሩን አቆመ። «የቱ ጋሼ?»

ተቆጣጣሪዋ በጣቷ ጫፍ ሰማያዊውን ነካች። ጣቷን አየች፤ አውራ ጣቷ ላይ አሸት አደረገችው። የብዙ አዳራሾችን ቀለም የምታውቅ ሴት ናት፣ ፊቷ ወዲያው ተለወጠ።

«ከየት ነው?» አለች፣ ቀስ ብላ።

«ከአባቴ ግራጫ ኮት ኪስ» አለች ልጅቷ። ትሪውን መሬት ላይ አስቀመጠች። «የመጨረሻው ፈተና ቀን። ከፊተኛው መቀመጫ ጀርባ ላይ የጠረገው ነው። የጋሼ ጭንቅላት መቀመጫውን መትቶታል። አልታየም ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ንጹሑን ቦታ ግን አይቼዋለሁ። የኔንም ስም አብረው ይጻፉ።»

«ሐዘን ላይ ናቸው እኮ!» አለ ዳይሬክተሩ፣ ወደ ሳሎኑ ዞሮ፣ የሚስቅለት ሰው እንደሚፈልግ። «ሐዘን ሰውን ምን የማያናግረው አለ? ይሄ እኮ መሐረብ ነው።»

አክስቷ ፎቶግራፉን ይዛ ተነሳች። «አንቺ! የሞተ ወንድሜን! በለቅሶው ላይ!»

«ተቀመጪ» አለቻት እናቷ። «ባሌ ነው። ከማንም በላይ የማለቅስለት እኔ ነኝ።»

አክስቷ ተቀመጠች። ተቆጣጣሪዋ ከቦርሳዋ አንድ ፖስታ አወጣች፣ መሐረቡን ሳትገልጠው ከተተችው፣ ዘጋችው፣ ቀኑን ጻፈችበት። «ሐሙስ የሚፈረም ነገር የለም» አለች፣ ወደ ማንም ሳትዞር። ተነሳችና ሁለቱንም ጨብጣ ወጣች። ዳይሬክተሩ ተከትሏት ሮጠ። ደረጃው ላይ ድምፁ እየራቀ ሲሄድ ይሰማል፤ ሴትዮዋ አትመልስለትም።

 ለቀስተኛው ባንዴ ጊዜ የሌለው ሰው ሆነ፤ አንዱ ቀጠሮ አለብኝ አለ፣ ሌላው ልጅ ከትምህርት ቤት ላመጣ ነው አለ። ጡረተኛው ጎረቤት በሩ ላይ «እኔ ድሮም ጠርጥሬ ነበር» ሲል ተሰማ። ሁለት ብስኩት በናፕኪን ጠቅልሎ ወጣ።

እናትና ልጅ ሶፋው ላይ ጎን ለጎን ቀሩ። ጠረጴዛው ላይ አባቷ በመስታወት ውስጥ እጁን መቀመጫው ላይ እንደጫነ ነው። ልጅቷ ልታየው ሞከረች፤ ዓይኗን ዘወር ሳታደርግ ቆየች።

የእናቷ እንባ መጣ። እጇ ወደ እጅጌዋ ሄደ፣ ውስጡን ፈለገ፣ ባዶውን አገኘው።  እንባዋን በመዳፏ ጠረገችው።